ከቀለሙ ሥር ያለው መስመር

ጋሽ ቁልፌ የተገኘው በጭንቅላቱ ቆሞ ነው። እስከ ወገቡ በበርሜል ውሃ ውስጥ፣ ከወገቡ በታች ውጪ፤ እግሮቹ አዲስ የተቀባው ግድግዳ ላይ ተደግፈው፣ አንዱ ጫማው ወልቆ። በዕድሜው ሙሉ ለማንም ጎንበስ ብሎ የማያውቅ ሰው መጨረሻው እንዲህ ሆነ። የግቢው ተከራዮች አንድ ባንድ መጥተው በበሩ አጮልቀው አዩ። ሁሉም ደነገጡ፤ ከንፈሩን የመጠጠ ግን አልተገኘም።

ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተከራዮቹ ናቸው። የግቢው ቁልፍ ሁሉ በአንድ ቀለበት ታስሮ ቀበቶው ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ የተከራዩን ክፍል እንደ ራሱ ኪስ ከፍቶ ይገባል፣ ዘግቶ ይወጣል። በዚያች ከተማ ይህ ብዙም አያስገርምም። ወንዙ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በወዲያ በኩል ኮሌጁ፣ በወዲህ በኩል አከራዮቹ። ተመራቂው ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ አዲሱ ሻንጣውን ይዞ ይገባል፤ በዚያ ሰሞን ከከንቲባም ከዳኛም በላይ የሚከበረው አከራይ ነው። ዶሮ ያደረበትን ክፍል ጠርጎ «ብርሃን እንደ ልብ፣ ነፋሻማ፣ ለጥናት የተመቸ» ይላል፤ ተማሪውም ምርጫ ስለሌለው ያምናል።

የጋሽ ቁልፌ ቤት ወንዙ ዳር ያለ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ከሥሩ ወደ ወንዙ የሚያይ አንድ ምድር ቤት አለ። ሬሳው የተገኘው እዚያ ነው፤ ያገኘውም የግቢው ቀለም ቀቢ፣ ጋሽ ቡርሽ፣ የረሳውን መሰላል ሊወስድ ሲመጣ።

«ግልጽ ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ ሳጅኑ፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝበት ነገሩን ሊዘጋ ቸኩሎ። «ቁልፉ በርሜሉ ውስጥ ወደቀበት፤ ሊያወጣ ጎነበሰ፤ ሚዛኑን ሳተ። ይኸው ሞቶም አልለቀቀውም።»

እውነት ነው፤ ከበርሜሉ አውጥተው ወለሉ ላይ ያጋደሙት ሟች ቀኝ እጁ የቁልፉን ዘለላ ጨብጦ ደርቋል።

የመጣችው መርማሪ አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ሁልጊዜ የተቀየመች የምትመስል ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «ወንፊት» ይሏታል፤ ደቃቁን አሳልፋ ጥሬውን ስለምታስቀር። እሷም ታውቃለች፣ አልከፋትም። ከሃያ ዓመት በላይ በኪራይ ቤት የኖረች ሴት በቅጽል ስም አትከፋም። ጣራው የሚያፈሰው በየት በኩል እንደሆነ፣ አዲስ ቀለም ምን ሊደብቅ እንደተቀባ፣ ገና ደጃፍ ላይ ሆና ትለያለች።

ሬሳው አጠገብ ተንበረከከችና የሱሪውን ጫፎች አየች። ሁለቱም ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተሰብስበው፣ ተጨማደው ደርቀዋል። ከዚያ ወደ በርሜሉ ሄዳ አሸተተች። ከመስኮቱ ላይ ብርጭቆ አንስታ ከበርሜሉ ቀዳችበት፤ ውሃው ቡና ዓይነት ድፍርስ ነበር። መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው።

«ይህን ማንም እንዳይነካው።»

«ሊጠጡት ነው?» አለ ሳጅኑ።

«ላናግረው ነው። እስኪረጋጋ ግን ሰዎቹን እናናግር።»

ከበሩ ውጪ፣ እጅ ቢዘረጋ በሚደረስበት ቦታ፣ የቧንቧ ውሃ አለ። ከፈተችው፤ ኩልል ያለ ውሃ ወረደ። ዘጋችውና ወደ ግድግዳው ተመለሰች። አዲሱ ቀለም ክሬም መልክ ነው፤ ከወለል ከረጅም ሰው ራስ በላይ ድረስ የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ተራ ቀለም። በዘይት ቀለሙ የላይኛው ጠርዝ አጠገብ ቀለሙ ተፍቋል፤ ስፋቱ ከመዳፍ አይበልጥም፣ ጠርዙ ግን እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ የተስተካከለ ነው። ክሬሙ ተፍቆ ሰማያዊ፣ ሰማያዊው ተፍቆ አረንጓዴ። አረንጓዴው ላይ ደግሞ ቡናማ፣ አግድም የሄደ መስመር ይታያል፤ ውሃ ሞልቶ ሲቆይ የሚተወው ዓይነት። ከሥሩ በአፉ የተደፋ የቀለም ጣሳ አለ፤ በላዩ የትንሽ ጫማ ዱካ አርፎበታል። የቀለም መፋቂያው ብረት እዚያው ጣሳው አጠገብ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል።

ወንፊት ጣሳው ላይ ወጣች፤ እሷም ብትሆን ያለ እሱ አትደርስም። ከተፈቀው ቦታ በግራና በቀኝ፣ በአዲሱ ቀለም ላይ፣ ቀጭን ነጣ ያለ ጭረት አየች። ጣቷን በምራቋ አርሳ ነካችው። አሸት አሸት ስታደርገው አረፋ ሠራ። ጣቷን አሸተተችና ለመጀመሪያ ጊዜ ቅንድቧን አነሳች።

ስትወጣ በሩን በውጪ በኩል በአውራ ጣቷ ጥፍር ዳበሰችው። በእጀታው ከፍታ አራት ቦታ ላይ ጥፍሯ ሰመጠ፤ የተደፈነ የብሎን ቀዳዳ ነው።

* * *

የሟቹ ሚስት ፎቅ ላይ ሳሎን ተቀምጣለች፤ የግራ እጇ ከአንጓው እስከ ክርኑ በጄሶ ታሽጓል። አላለቀሰችም። የምታለቅስ ለመምሰል መሐረብ ይዛ ነበር፤ እሱንም ረስታው ጭኗ ላይ ወድቋል።

«እጅዎ ምን ሆኖ ነው፣ እትዬ?»

«ደረጃ ላይ ወድቄ።»

«ደረጃው ይማታል?»

«አንዳንዴ» አለች ሴትየዋ።

«ዛሬ ጠዋት ባለቤትዎ ምድር ቤት ምን ሊያደርጉ ወረዱ?»

«ቀለሙ መድረቁን ሊያይ ነዋ። ዛሬ ከሰዓት አንድ አባት ልጁን ይዞ ክፍሉን ሊያይ ይመጣል፤ የሩቅ ሰው ነው። በሩ ሽታው እንዲወጣ ተከፍቶ ነው የከረመው።»

«ግድግዳው ላይ የውሃ መስመር አለ፤ ያውቁታል?»

«ወንዝ ዳር ያለ ቤት ውሃ ሳይገባበት ይቀራል?» አለች ፈጠን ብላ። «አንዴ ነው የሞላው። በየዓመቱ መቀባቱ ለውበት ነው።»

«ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ ማን ነበር?»

መሐረቡን አነሳችው። «አንድ ተማሪ። ሰክሮ ነው የሞተው።»

እንደተማረችው ጸሎት ነው ያለችው፤ ሳትተነፍስ፣ ሳታስብ፣ በባሏ ድምፅ። ወንፊት ይህን ሰምታ ብዙም አልቆየች።

ጋሽ ቡርሽን ደረጃው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ረጅም፣ ጎባጣ፣ ጣቶቹ መካከል የሦስት ዓመት ቀለም የደረቀበት ሰው ነው።

«ጋሼ፣ በርሜሉ የእርስዎ ነው?»

«ቡርሽ ማጠቢያዬ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ሥራ ስጨርስ ደፍቼ አጥቤ ጥግ አስያዝኩት። ባዶውን ነው የተውኩት፤ የፈለጉትን ያስምሉኝ።»

«ታዲያ ማን ሞላው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«ሰማያዊውንስ ማን ቀባ? ከአረንጓዴው በላይ ያለውን።»

ሰውዬው ጣቶቹን ያያቸው ጀመር። «እኔው ነኝ። ልጁ በሞተ በሳምንቱ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ‹መስመሩ እንዳይታይ› አሉኝ፤ ቀባሁ። የታዘዝኩትን ነው የምቀባው፣ እህቴ፤ ቀለም ቀቢ ነኝ።»

«ከበሩ ውጪ የነበረውን መቀርቀሪያስ ማን ነቀለው?»

ጋሽ ቡርሽ ጣቶቹን ጨብጦ ብብቱ ሥር ከተታቸው። ወንፊትም የሚበቃትን አየች።

* * *

ፎቅ ላይ በቀኝ በኩል ያለውን ክፍል የተከራየችው የኮሌጁ የሒሳብ መምህርት ናት። ሻንጣዎቿ ታስረው በሩ ሥር ተደርድረዋል።

«ልትለቂ ነው፣ መምህርት?»

«ልቀቂ ተብዬ ነው። ምላሴ ነው ያስወጣኝ።» መነጽሯን አወለቀች። «የዚያን ልጅ ነገር ሰምተዋል? አስተምሬዋለሁ። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ረጅም፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ልጅ። መጠጥ በአፉ አይዞርም ነበር። እዚህ ስገባ ጋሽ ቁልፌ ‹የምድር ቤቱ ሰካራም› እያለ ይስቅበታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ነው የሚያወራ። ባለፈው ሳምንት ግን ንዴቴ ገነፈለ፤ ‹ሐሰት ነው› አልኩት፣ በሁሉም ፊት።»

«በሁሉም ማለት?»

«ሚስቱ፣ ጋሽ ቡርሽ፣ ታች መግቢያው ጋ ያለችው ልብስ ሰፊ እማማ ካባ። ማታውን ክፍሌን እንድለቅ ተነገረኝ።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«አንድ አዳራሽ ሙሉ ተማሪ ፊት። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሁሉም ያዩኛል፤ ባይሰሙኝም።»

ወንፊት ፈገግ አለች። መስኮቱ ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ አንስታ ውስጡን አየች፤ ነጭ ቅርፊት ይዞታል።

«የቧንቧው ውሃ ነው» አለች መምህርቷ። «እንደ ኖራ ይይዛል። ልብስም ላይ ነጭ እድፍ ይተዋል፤ እማማ ካባ ጥቁር ጨርቋን የምትነክረው በወንዝ ውሃ ነው፣ በጀሪካን እያመላለሰች። ጋሽ ቡርሽም ኖራ የሚበጠብጠው በዚያው በወንዝ ውሃ ነው።»

እማማ ካባ በግቢው መግቢያ ያለውን ክፍል ይዛለች። ከመጣች ገና ዓመቷ ነው፤ ግን ያለ እሷ በከተማዋ ምርቃት የለም። የተመራቂዎችን ጥቁር ካባ ትሰፋለች። ተማሪዎቹ ስሟን ጠይቀው አያውቁም፤ በሥራዋ ጠሯት፣ ቀረ። ወንፊት ስትገባ ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ አንገቷ ላይ ሜትር፣ ሽርጧ ላይ መርፌ። እጆቿ ትልልቅ ናቸው፤ ጀሪካን የለመዱ እጆች።

«ጎረቤትዎ ሞቱ፣ እትዬ።»

«ሰማሁ።»

«አላዘኑም።»

«ለቅሶ ከየት ልበደር?» አለች መርፌዋን ሳታቆም።

ወንፊት በክፍሉ ዞረች። ካባዎቹ በገመድ ላይ ተሰቅለዋል፤ በእያንዳንዱ አንገት ላይ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ወረቀት በመርፌ ተይዟል። ከሁሉም ኋላ፣ ለብቻው፣ አንድ ረጅም ካባ አለ። ወረቀት የለውም። ገልጣ ውስጡን አየች፤ ሌሎቹ ገበር የላቸውም፣ የዚህ ገበር ግን ሐር መሳይ፣ ስፌቱም ሙሉ በሙሉ በእጅ።

«ይህ የማን ነው?»

«ያልመጣ ሰው።»

«ሳይለካ እንዴት ተሰፋ?»

ማሽኑ ቆመ። «ልኩን አውቀዋለሁ» አለች ሴትየዋ ቀስ ብላ።

«ምድር ቤቱን ገብተው አይተውት ያውቃሉ?»

«እኔ? ምን ልሠራ!» ማሽኑ እንደገና ተነሳ።

ወንፊት ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ አንስታ፣ ብሎኑን ወደ ብርሃን አዙራ አይታ፣ በመሐረቧ ጠቅልላ ያዘችው። ሴትየዋ አየቻት፤ አልከለከለቻትም።

* * *

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል፤ በርሜሉ ግን እዚያው ነው። ሚስቱ ወንበር ተሰጣት፤ መምህርቷ መስኮቱ አጠገብ ቆመች፤ ጋሽ ቡርሽ በር ላይ፤ እማማ ካባ ግድግዳውን ፊት ለፊት። ያን ረጅም ካባ አጣጥፋ በክንዷ ይዛው ነው የመጣች፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም።

ወንፊት ብርጭቆውን ከመስኮቱ አነሳችው። ከላይ ጠርቷል፤ ከሥሩ ደግሞ ጣት የሚያህል ደለል ተኝቷል።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ ይህኛው ማደርም አላስፈለገው» አለች። «የቧንቧው ውሃ ደለል የለውም፤ ነጭ ነው የሚተወው። ይህ የወንዝ ውሃ ነው። አሁን አስቡት። በርሜሉ ባዶ ነበር። ቧንቧው በር ላይ ነው። አንድ ሰው ግን ያን አልፎ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን ወጥቶ፣ በርሜል ሙሉ የወንዝ ውሃ አመላለሰ። ለመታጠብ? ክፍሉ ባዶ ነው። ለቀለም? ሥራው አልቋል። ያ ሰው የፈለገው ውሃ አልነበረም፤ የፈለገው ወንዙን ነው። ወንዙ እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ገብቶ ያውቃል። ደግሞ እንዲገባ የፈለገ ሰው አለ።»

«ወድቀው ቢሆንስ?» አለ ሳጅኑ፣ አሁንም ተስፋ ሳይቆርጥ።

«ሱሪያቸው ሁለቱም እግር ላይ ከቁርጭምጭሚት በላይ ተሰብስቧል። የሚንሸራተት ሰው ሱሪውን አይሰበስብም። ጆንያ ስታነሳ የት ትይዛለህ? ከጫፉ። የጎነበሰ ሰው እግሩን ከሥር ካነሱበት የራሱ ክብደት ይጨርሰዋል። ትልቅ ጉልበት አይጠይቅም፤ ሁለት ጤነኛ እጆች ግን ይጠይቃል።» ሚስትየዋን አየቻት። «የእርስዎ አንዱ ብቻ ነው ጤነኛ፣ እትዬ። እሱንም ስላተረፉልዎ ያመስግኗቸው።»

ሴትየዋ ጄሶዋን በቀኝ እጇ ሸፈነች።

«መምህርቷን አዳራሽ ሙሉ ሰው አይቷታል። ቀሩን ሁለት። አሁን ወደ ግድግዳው። ከመገደላቸው በፊት ወይም በኋላ አንድ ሰው ይህን መስመር ከሁለት ቀለም ሥር አወጣው። ሌላ ቦታ ላይ አልፈለገም፤ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሞከረም። ቁመቱን በልኩ ያውቀዋል። ጋሽ ቡርሽ ያውቃሉ፤ የቀቡት እሳቸው ናቸው። ግን እሳቸው ቢሆኑ መፋቂያቸው እዚህ አጠገብ ነበር፤ አልተነካም። ደግሞ እሳቸው ይህን ያህል ለመድረስ ጣሳ ላይ አይወጡም።»

ጋሽ ቡርሽ ሳያስበው ከበሩ ቀረብ ብሎ እጁን ዘረጋ። መስመሩን ቆሞ ነካውና ወደ በሩ ተመለሰ።

«ጣሳው ላይ የወጣው ሰው አጭር ነው። ከመፋቁ በፊት ደግሞ አንድ ነገር አደረገ» አለች ወንፊት። ጣቷን በብርጭቆው ውሃ ነክራ ነጩን ጭረት አሸችው፤ አረፋው ለሁሉም ታየ። «ሳሙና ነው። የገረጀፈ፣ የሳሳ ሳሙና። ማንኛችንም ግድግዳ ብንፍቅ ዝም ብለን እንፍቃለን። በሜትር ለክቶ፣ በሳሙና አስምሮ፣ ከዚያ የሚቆርጥ አንድ ሙያ ብቻ አለ። ከልማድ ነው፤ ሳታሰምር መቁረጥ እጇ አይሄድላትም።»

ማንም ወደ እማማ ካባ ለመዞር አልደፈረም። እሷ ግን እጇን ወደ ሽርጧ ኪስ ከትታ ቁራጭ ሳሙና አወጣችና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

«በመቀሱ ብሎን ሥር ሦስቱም ቀለም አለ» አለች ወንፊት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ክሬም፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። የቀረኝ ‹ለምን› የሚለው ነበር። እሱን ካባው ነገረኝ። ለደንበኛ የማይታይ ገበር በእጅ የሚሰፋ የለም። ለማይመጣ ሰው እንዲህ የምትደክም እናት ብቻ ናት።»

«ልጄ ዘንድሮ ይመረቅ ነበር» አለች እማማ ካባ።

ጋሽ ቡርሽ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ሬሳውን ልወስድ ስመጣ ጋሽ ቁልፌ ከነሚስቱ ተደብቆ ነበር፤ ፊቴን አያውቁትም። ሰው ሁሉ ‹ሰክሮ ነው› አለኝ። እዚህ ክፍል ገብቼ መስመሩን በሜትሬ ለካሁት። ከልጄ ቁመት በስንዝር ይበልጣል። ስንዝር! ቤት ሆኖ ሱሪ ስሰፋለት ያደገውን ስንዝር አውቀዋለሁ። ዋና የሚችል ልጅ፣ በሩ ክፍት ከሆነ፣ ለምን አልወጣም? ይህን ጥያቄ ይዤ ተመለስኩ። እዚሁ ግቢ ተከራየሁ። ‹ሰካራሙ› እያለ ሲስቅ ዓመት ሙሉ ሰማሁት። ሞቱን ብቻ ቢሆን ለፈጣሪ እተወው ነበር፤ ስሙን ግን ደጋግሞ ገደለው።»

«በሩ ክፍት እንዳልነበረ በምን አወቁ?»

«እኔ ነገርኳት» አለ ጋሽ ቡርሽ ከበሩ። ሁሉም ዞሩ። «ሬሳውን ስትወስድ አይቻት ነበር፤ ለመከራየት የመጣች ዕለት ነው የለየኋት። መምህርቷ ‹ሐሰት ነው› ባለች ማግስት ግን መሸከም አቃተኝ። ጋሽ ቁልፌ የምድር ቤቱ ተከራዮች እንግዳ እንዳያስገቡ እያለ ማታ ማታ ከውጪ ቀርቅሮ ይቆልፍባቸው ነበር። ውሃው የመጣ ሌሊት ሊከፍት አልወረደም፤ ፈራ። በማግስቱ መቀርቀሪያውን አስነቅሎ ቀዳዳውን አስደፈነኝ። ደፈንኩት። ሲጠይቁኝም ‹ሰክሮ ነው፤ በሩ ክፍት ነበር› አልኩ፤ ሁለቱም ሐሰት ነው።»

«እርስዎስ?» ወንፊት ወደ ሚስቱ ዞረች።

«ሲጮህ ሰምቻለሁ» አለች ሴትየዋ ጄሶዋን እያየች። «ቁልፉን አልሰጠኝም።»

መምህርቷ ጀርባዋን ሰጥታ መስኮቱን ያዘች። እማማ ካባ ሴትየዋን አየቻት፤ ዓይኗ ውስጥ ምሕረት አልነበረም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ይህች ደግሞ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ የወጋትን በየቀኑ «እንዴት አደሩ» ስትል የኖረች ናት።

«ዛሬ ጠዋትስ?» አለች ወንፊት።

«መስመሩን አውጥቼ ቆየሁት። ሲገባ አሳየሁት። ‹የልጁ እናት ነኝ፤ በሩን ማን ቀረቀረው? ሰክሮ አልነበረም በልና ልሂድ› አልኩት። አንዲት ቃል ነበር የፈለግሁት። ሳቀብኝ። ‹አዲስ ቀለሜን አበላሸሽ› አለ። ቁልፉን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ግድግዳውን በመሐረብ ያብስ ጀመር። ቁልፉን አንስቼ በርሜሉ ውስጥ ጣልኩት።» ትንፋሽ ወሰደች። «ለልጄ አንገቱን ያልደፋ ሰው ለቁልፉ በወገቡ ታጠፈ። እግሩን ያነሳሁት ያን ጊዜ ነው።»

«ውሃውን ግን አስቀድመው ነው የሞሉት።»

«ፊቱን እንዲያይበት ነው የሞላሁት ብልዎት ያምኑኛል?»

«አላምንም።»

«እኔም አላምንም» አለች እማማ ካባ። «አልተጸጸትሁም፣ እህቴ። ዋሽታ አለቀሰች እንዳይሉኝ።»

ወንፊት ብርጭቆውን አስቀመጠችና ሳጅኑን አየችው። «ጻፍ። የእሷን በኋላ ትጽፋለህ። በመጀመሪያ የጋሽ ቡርሽንና የእትዬን ቃል ጻፍ፤ ጮክ ብለህም አንብብ።»

ሳጅኑ ላብ እያጠመቀው ጻፈ። ሲያነብ ድምፁ በባዶው ክፍል ውስጥ አስተጋባ፦ «በሩ ከውጪ ተቀርቅሮ ነበር። ልጁ ሰክሮ አልነበረም። ሲጮህ ተሰምቷል።»

«ድገመው» አለች እማማ ካባ።

ሳጅኑ ወንፊትን አየ። ራሷን ነቀነቀችለት፤ ደገመው። ጋሽ ቡርሽ ፈረመ፤ ሚስትየዋም በቀኝ እጇ።

ያን ጊዜ ነው በሩ የተንኳኳው። አቧራ የጠጡ አንድ አባት ቆመዋል፤ ከኋላቸው አዲስ ሻንጣ ያቀፈች ልጅ።

«ይቅርታ፣ ስብሰባ ላይ ናችሁ መሰል። የሚከራየው ክፍል ይህ ነው?»

ሚስትየዋ ከልማድ አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣትም። እማማ ካባ ቀደመቻት።

«ልጅዎን እስቲ ወደዚህ ያቁሟት፣ ወንድሜ።»

ልጅቷ አባቷን አየች፣ ከዚያ መጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እማማ ካባ ካባውን ለመምህርቷ ሰጠቻት፤ ልብስ ሰፊ እንደሚለካ መዳፏን በልጅቷ አናት ላይ ጠፍጠፍ አድርጋ አሳረፈች። ከዚያ ሌላኛውን እጇን ወደ መስመሩ ዘረጋች፤ አልደረሰችበትም። ጋሽ ቡርሽ ከበሩ መጥቶ ጣቱን መስመሩ ላይ አኖረላት።

«ውሃው እስከዚህ ይመጣል» አለች። «በሩ ደግሞ ከውጪ ነበር የሚቆለፈው።»

አባትየው የልጃቸውን አናት አዩ፣ መስመሩን አዩ፣ በመካከላቸው ያለውን ባዶ ግድግዳ አዩ። አንድም ነገር አልጠየቁም። ሻንጣውን ከልጃቸው ተቀብለው እጇን ይዘው ወጡ፤ እርምጃቸው ዳገቱን ሲወጣ ተሰማ።

እማማ ካባ እስኪርቁ አዳመጠች። ከዚያ ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ካባው ላይ አስቀመጠችና ሁለት እጆቿን ለሳጅኑ ዘረጋችለት።